«ላይሰንስሽን ስጪን፣ አንቺ ቤትሽ ሁኚ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
መልስ የምትሰጠው በሜትሮንነት (በነርሶች ኃላፊነት) ጡረታ የወጣች ነርስ ናት

ጥያቄ

ይድረስ ለሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጽሔቱን የማነበው የወንድሜ ሚስት ከመሥሪያ ቤቷ ስታመጣው ነው። ስለዚህ ስሜን ባልጽፍም እሷ ማን እንደሆንኩ ሳይገባት አይቀርም። ይሁን፤ የሚዋሽ ነገር አልጻፍኩም።

ዕድሜዬ 24 ነው። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነርሲንግ በዲግሪ ተመረቅሁ። የመውጫ ፈተናውንም የጤና ሚኒስቴርን የብቃት ምዘናም አልፌያለሁ፤ ላይሰንሴ (የሙያ ፈቃዴ) በእጄ ነው። እናትና አባቴ ሰሜን ሸዋ ገጠር ገበሬዎች ናቸው። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ የሲሚንቶ መኪና ይነዳል፤ ብዙ ሌሊት መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ሚስቱ ባንክ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የምተኛው ከልጆቹ ጋር ነው።

ሥራ ያልሞከርኩበት ቦታ የለም ማለት እችላለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። «0 ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ አራት ነርስ ለሚፈልግ ቦታ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልት ላይ ይዞራል። ወረቀቴን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ስታዲየም፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዤ ስደርስ «ምዝገባ ትናንት ተዘጋ» የሚለኝ ጥበቃው ነው።

አንድ የግል ሆስፒታል «ለጊዜው በነፃ አገልግዪ፣ ቦታ ሲከፈት ቅድሚያ ትሰጫለሽ» ብሎኝ ገብቼ ነበር። ሌሊት ሳይቀር ሠራሁ። ቦታ ሲከፈት ሌላ ሰው ተቀጠረ። የሥራ ልምድ ጻፉልኝ ስላቸው የሰጡኝ የምስጋና ወረቀት ነው። እሱን ይዤ ስወዳደር የሰው ኃይል ሠራተኛዋ አንብባ ሳቀች።

ቤት ውስጥ ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ግን ልጆቹን ሰርቪስ ላይ የማሳፍረው እኔ፣ ከሰርቪስ የምቀበለው እኔ፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሌሊት ተነስቼ ሮቶ የምሞላው እኔ ነኝ። እንጀራውም የእኔ ነው። አንድ ቀን የወንድሜ ሚስት ለጓደኛዋ በስልክ «ሠራተኛ ከመቅጠር ተገላገልን» ስትል ሰማሁ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የታክሲ ገንዘብ መጠየቅ አቃተኝ። እናቴ ስትደውል የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገና ነው?»

ብሎካችን ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» ይሉኛል። መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተው «ይህቺን መርፌ ውጊኝ» እያሉ በር ያንኳኳሉ። እወጋለሁ፤ ሃምሳም መቶም ብር እጄ ላይ ያደርጉልኛል። ያቺ ናት የታክሲዬ።

አሁን የመጣው ነገር ይህ ነው። ከእኛ ራቅ ብሎ ያለ አንድ ክሊኒክ ባለቤት በሰው በኩል አግኝቶኝ «ላይሰንስሽን ስጪን፤ መምጣት አይጠበቅብሽም፤ አንቺ ቤትሽ ሁኚ፤ በወር 3,000 ብር እንሰጥሻለን፤ የሁለት ዓመት ልምድም እንጽፍልሻለን» አለኝ። ወንድሜ «ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራልሻል? ስጪ» ይለኛል። ልቤ ፈራ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ሁሉንም ትተሽ ሱፐርማርኬት ካሸር ግቢ፣ እኔ አስገባሻለሁ ትላለች። ምን ይሉኛል?

ዜሮ ዓመት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

ልጄ ዜሮ ዓመት፣ ላይሰንስሽን አትስጪ። ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሹፌር ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። «መንጃ ፈቃድህን ለማታውቀው ሰው ሰጥተህ መኪናውን እሱ ቢነዳው፣ ሰው ቢገጭ በማን ስም ይመዘገባል?» ብለሽ ጠይቂው። ከእኔ ትንታኔ ይልቅ ይህ ቶሎ ይገባዋል።

የጤና ተቋም ፈቃድ የሚያገኘው ለደረጃው የሚጠየቁትን ባለሙያዎች በስም አስመዝግቦ ነው። ስምሽ እዚያ ተመዝግቦ አንቺ ቱሉ ዲምቱ እንጀራ የምትጋግሪ ከሆነ፣ በአንቺ ቦታ መርፌ የሚወጋ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ማን ነው? ምዘናውን ያላለፈ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ካርድ ሲያወጣ ቆይቶ ሰፈርተኛው «ዶክተር» ማለት የጀመረው ሰውም ሊሆን ይችላል። አንድ ሕፃን ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ተወግቶ መድኃኒቱ አለርጂ ሆኖበት ቢሞት፣ ተቆጣጣሪውም ፖሊሱም የሚያነበው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስም ነው። «እኔ እዚያ ቤት ገብቼ አላውቅም» ስትይ ያዳነሽ ይመስልሻል፤ ጥፋትሽን በአፍሽ መናገርሽ ነው።

ሁለተኛ ጣጣም አለው። ነገ እውነተኛ ሥራ ስታገኚ አዲሱ ተቋም ከቀድሞው መልቀቂያ አምጪ ይልሻል። ባለቤቱ ሌላ ወረቀት እስኪያገኝ መልቀቂያውን ይዞ ቢያመላልስሽ ወዴት ትከሺያለሽ? «ላይሰንሴን አከራይቼ ከለከለኝ» ብለሽ?

እጽፍልሻለሁ ያለሽ ልምድም ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው ለሥራሽ አይረባሽም። ሜትሮን በነበርኩበት ጊዜ ሁለት ዓመት ልምድ ይዛ የመጣች ልጅ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) አስገብታ የክንድ ማሰሪያውን፣ ቱርኒኬቱን፣ ሳትፈታ ግሉኮሱን ከፍታ ወደ ሌላ አልጋ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረቀቷ ያማረ ነበር። የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ከእሷ ጋር የገባች ምንም ልምድ የሌላት ልጅ ግን «ይህን አልሠራሁትም፤ አብረሽኝ ቁሚ» ማለት ትችል ነበርና ቀረች። ዜሮ ዓመት ተብሎ ከተያዘልሽ ስትጠይቂ ማንም አይገረምብሽም። ሁለት ዓመት ብለሽ ከገባሽ ግን መጠየቅም አትችዪም፤ አንቺም በሽተኛውም የምትጎዱት እዚያ ላይ ነው።

ስለ ነፃ አገልግሎቱ። የደረሰብሽ ነገር አናዶኛል፤ ግን አዲስ አይደለም። ለሌሎችም ይጠቅማልና በግልጽ ልጻፈው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግል ድርጅት ልምድ ሲቆጥር የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጠይቃል፤ ከማስታወቂያው ግርጌ ታገኚዋለሽ። ደመወዝ ካልተከፈለሽ ግብር የለም፤ ግብር ከሌለ ልምድ የለም። የምስጋና ወረቀት ሳሎን ይሰቀላል እንጂ አይቆጠርም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ደመወዙ ትንሽ ይሁን፣ ቦታው ዳር ይሁን፣ ስሙ የማይታወቅ ይሁን፤ ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ ስምሽ ያለበትን ምረጪ። በሕጉ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ጡረታ የሚቆረጥልሽ ከሆነ በወረቀት ላይ አለሽ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አሠሪው የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የሚገልጽ ደብዳቤ በጠየቅሽ ጊዜ በነፃ መስጠት አለበት። «ስትለቂ እንሰጥሻለን» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሥራ ላይ እያለሽም መብትሽ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያሉት ቦታዎች ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ናቸው፤ ሳሪስ፣ ስታዲየም፣ ከዚያ ወዲያ። አንቺ የምትኖሪው እኮ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ነው! ጀርባሽን ለከተማው ስጪና ዙሪያሽን እዪ። አቃቂና ቃሊቲ ፋብሪካ ነው። ቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ገላን አልፈሽ እስከ ዱከም፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ መጋዘንና ፋብሪካ ነው። ብዙ ሠራተኛ ያላቸው ፋብሪካዎች ግቢያቸው ውስጥ ክሊኒክ አላቸው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ነርስ አለ። ተመራቂ ሁሉ ሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚል እዚያ በር ላይ ያንን ሰልፍ አታገኚም። ማስታወቂያቸው ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ በር ላይ ይለጠፋል። በጠዋት ሄደሽ ጥበቃውን በወጉ ሰላም ብለሽ «የሰው ኃይል ቢሮ ወረቀት ላስገባ ነው» በይ። ለታክሲ የምታወጪው መሀል ከተማ ደርሰሽ ከምትመለሺበት ያነሰ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። ጠዋት ሳይበሉ የመጡ ልጆች ማሽን ላይ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ። ጣት ይቆረጣል፣ ዓይን ውስጥ ብናኝ ይገባል፣ እንፋሎት ያቃጥላል። ቁስል ማጠብና መጠቅለል፣ የሚሰፋውን ከሚላከው መለየት፣ ሪፈር መጻፍ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ብቻሽን መቆም፤ ይህ ሁሉ የአንቺ ነው። ዋርድ ውስጥ ሲኒየር ከኋላሽ አለች፤ እዚያ የለችም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ነው። ልጅቷ ትኩሳት እያላት «ፓናዶል ስጫትና ትመለስ» ይልሻል። የሕመም ፈቃድ ስትጽፊ በፊቱ ይቆጣሻል። ግንባርሽን ሳታቋጥሪ የለካሽውን መዝገብ ላይ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ፣ «38.9 ነው፤ አትመለስም» ማለት ከቻልሽ ማንም ሆስፒታል በደስታ የሚቀበልሽ ነርስ ሆነሻል። እኔ በቃለ መጠይቅ ላይ ከፋብሪካ ክሊኒክ የመጣች ልጅ ሳገኝ ወንበሬን አስጠግቼ ነበር የምሰማት።

ገላንና ዱከም ኦሮሚያ ናቸው። መንግሥት ቤት ለመቀጠር አፋን ኦሮሞ ያስፈልግሻል። የግል ፋብሪካ ላይ እንደ ቤቱ ነው፤ ሆኖም «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚለውን በበሽተኛው ቋንቋ መጠየቅ ለማንኛውም ነርስ ያስፈልጋል። ብሎካችሁ ውስጥ የሚያስተምርሽ ጎረቤት አይጠፋም። መርፌ ከመውጋት ይህን ተለዋወጪ።

ትምህርት ቤቶችንም አትርሺ። ተለቅ ያሉት የግል ትምህርት ቤቶች ነርስ ይቀጥራሉ። የሚፈልጉት መስከረም ሳይገባ ነው፤ ወረቀትሽ ነሐሴ ላይ እጃቸው ይግባ። የወንድምሽ ልጆች ትምህርት ቤት ነርስ አለው? ሰርቪስ ላይ በየቀኑ ትቆሚያለሽ፣ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

መንግሥት ቤቱን ተዪው አላልኩም። ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ ይወጣል። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው ነው «ትናንት ተዘጋ» የሚያስብልሽ፤ እሑድ የወጣውን ሰኞ ጠዋት አስገቢ። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን በሙሉ አትመኚ። ለምዝገባ ብር ላኪ የሚል ማስታወቂያ የሥራ ማስታወቂያ አይደለም። የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ የሚጠይቅ እንደሆነም ሳትሳፈሪ አንብቢ። ወንድምሽ ቤት መኖርሽ ብቻ መታወቂያ አያሰጥሽምና፣ የሰሜን ሸዋ መሸኛሽን ካላመጣሽ አምጪ።

የጽሑፍ ፈተና ሲደርስሽ የሚጥለው ከባዱ ጥያቄ አይደለም። «1,000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ የማስገቢያው ቱቦ መጠን በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ?» ሃያ ሺህ ጠብታ ለ480 ደቂቃ ስታካፍዪ 42 ገደማ ነው። ለጤና ጣቢያ ከሆነ የሕፃናት ክትባት 6ኛ፣ 10ኛና 14ኛ ሳምንት፣ ኩፍኝ 9ኛና 15ኛ ወር፤ እንቅልፍሽ ውስጥ ቢጠይቁሽ መመለስ አለብሽ። በተግባር ፈተና ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው እጇን መታጠቧን ነበር፤ ቀጥሎ ለአስታማሚው ምን እንደምትል። ስንቶቹ አስታማሚውን እንደ ወንበር ገፋ አድርገው ያልፋሉ!

ስትቀጠሪ ተያዥ ይሉሻል፤ ወንድምሽ ላይ ነው የሚወድቀው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ አይጸናም። ቁጥሩን ሳያይ አይፈርም። ኦሪጂናል ዲግሪሽን እናስቀምጥ ቢሉሽ አሳይተሽ ኮፒውን ትሰጫለሽ፤ ኦሪጂናሉን ይዘሽ ትመለሻለሽ።

እንግዲህ ስለ ቤት መርፌው፤ ብትቆጪም ዛሬውኑ አቁሚ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ስትወጊ ስለ በሽተኛው የኩላሊትና የጨጓራ ታሪክ ምን ታውቂያለሽ? ሴፍትሪአክሶን የወጋሻት ጎረቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራት አድሬናሊን አለሽ? ኦክስጅን አለሽ? ሊፍት እንኳ የለሽም። ስለ ክሊኒኩ የነገርኩሽ ሁሉ አንቺንም ይመለከታል። ፈቃድ የሌለው ቤት ውስጥ ማከም አይፈቀድም፤ ላይሰንስሽ የሚያዝበት መንገድ ይህ ነው። ደም ግፊት ለኪ፤ በወረቀት ጽፈሽ «ይህን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ» በይ። እጅሽ ላይ ብር የሚያደርጉልሽን በዚያ ታጪያለሽ፣ አውቃለሁ። ወደሱ እየመጣሁ ነው።

ያ የታክሲ ገንዘብ መፈታት ያለበት ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የወንድምሽን ሚስት ሳላነጋግራት አላልፍም፤ መጽሔቱን የምታመጣው እሷ ናትና። እመቤቴ፣ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ተጨምሮ፣ ባል መንገድ ላይ እያደረ፣ ጠዋት ባንክ ደርሰሽ ማታ መመለስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ክፉ ቃል ሳትናገሪ ይህን ያህል ጊዜ መኖርሽን ልጅቷ ራሷ ጽፋልሻለች፤ ስንቱ ቤት ይህ የለም። ስልክ ላይ ያልሽው ቀልድ ግን ደርሷታል። የእንጀራውን፣ የሮቶውንና የሰርቪሱን ሥራ ለሠራተኛ ብትሰጪው በወር ስንት እንደምትከፍዪ በባንክ ሠራተኛ ሒሳብ አስቢው። ከዚያ ላይ የታክሲና የፎቶ ኮፒዋን ሳትጠይቅሽ ስጫት።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ተደብቀሽ አትኩረፊ። ወንድምሽ ቤት ባለበት ማታ ለሁለቱም አንድ ላይ ንገሪያቸው። «ደክሞኛል» ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱ ከሆነ ሁላችሁም ደክሟችኋል። «ሰኞና ሐሙስ ጠዋት የእኔ ይሁኑ፤ ሰርቪሱን በእነዚህ ቀናት ሌላ ሰው ይቀበል፤ ለሳምንት ይህን ያህል ብር ያስፈልገኛል፤ ስቀጠር ይህን ያህል እያደረግሁ እመልሳለሁ» በይ። ወንድም የእህቱን ገንዘብ አይቀበልም ይሆናል፤ ግን ይባል። ክሊኒኩንም እዚያው ላይ አንሺው፤ «አልሰጥም» ብለሽ ምክንያቱን ንገሪው። በሩ ዝግ እንደሆነ ካላወቀ ነገም መልሶ ያነሳብሻል።

ለእናትሽ «ገና ነው» ብቻ አትበያት። የት እንዳስገባሽ፣ ምን እንዳሉሽ፣ መቼ ተመለሺ እንዳሉሽ ንገሪያት። ገጠር ያለች እናት ዝርዝሩ ሲነገራት ትረጋጋለች፤ ጎረቤት ሲጠይቃትም የምትለው ታገኛለች።

እኔ ስመረቅ ሥራ ፈልጌ አላውቅም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በደርግ ጊዜ ጤና ጥበቃ ራሱ ነው ዕጣ አስወጥቶ የሚመድበን፤ የእኔ ጋሞ ጎፋ ወጣና አለቀስኩ፤ ሄድኩ፤ ደመወዜ ጠበቀኝ። ስለዚህ የእኔ ዘመን ሰዎች «እኛ እኮ ገጠር ሄደን ነው የሠራነው፣ እናንተ ከተማ ትመርጣላችሁ» ሲሏችሁ አትናደዱ፤ ግን አትመኗቸው። እኛን የሚጠብቀን ወንበር ነበር። ክልል ላይ ዜሮ ዓመት የሚቀበል ማስታወቂያ ካየሽና አካባቢው ሰላም ከሆነ ሂጂ እላለሁ፤ ካልሆነ ግን የፋብሪካው በር ቅርብሽ ነው።

ካሸርነቱን ነውር ነው አልልሽም፤ ማንም ሠርቶ የበላ አያፍርም። የምፈራው ሰዓቱን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆመሽ ከዋልሽ ሰኞ ጠዋት ወረቀት የሚያስገባልሽ የለም። ጓደኛሽ በፈረቃ ልታስገባሽ ከቻለችና ጠዋቶችሽ ከቀሩልሽ ግቢ። ሙሉ ቀን ከሆነ የነሐሴው የትምህርት ቤት ቅጥር እስኪያልፍ ቆዪ። በዚህ መሀል ላይሰንስ ሲታደስ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና) እንደሚጠየቅ አትርሺ፤ ጤና ሚኒስቴር በኢንተርኔት የሚሰጣቸውን ኮርሶች ማታ ማታ በስልክሽ ውሰጂ፣ ሰርተፊኬቱንም አስቀምጪ።

አጭር ጥያቄ

ልጄ በደረጃ 4 ነርሲንግ ተመርቃ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) አልፋለች። አንድ ሰው ያለ ልምድ ዓረብ አገር በነርስነት አስገባታለሁ፤ ለቪዛና ለአውሮፕላን 150,000 ብር አምጣ ይለኛል። ያለችኝን ቦታ ልሽጥ ወይ?

አባት፣ ከቡራዩ

መልስ

ወንድሜ፣ አይሽጡ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንም የአውሮፕላኑንም ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ይህን ከእርስዎ የሚጠይቅ ሰው ከሕጉ ውጭ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ነርስ ሲቀጥሩ ማስረጃዋን ከተማረችበት ቦታ ያጣራሉ፣ ፈተና ይፈትናሉ፤ ብዙውን ጊዜም የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ያለ ልምድ፣ ያለ ፈተና «በነርስነት» የተባለች ልጅ ቪዛዋ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፎ ኤርፖርት ላይ የሚነበብላት አለች። ሰውየው የሚሠራበትን ኤጀንሲ ፈቃድ ቅጂና በልጅዎ ስም የተጻፈውን የሥራ ውል ያምጣ። ሁለቱንም ይዘው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደው ያስመርምሩ፤ እስከዚያ ድረስ ብሩን ብቻ ሳይሆን ፓስፖርቷንም አይስጡት።